ታሪካችሁን ጽፋችሁ ሳትጨርሱ ለማንም አታሳዩ

የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የሕይወት ታሪኳን ልትጽፍ የምታስብ ሴት እኔን የገጠመኝን አስቀድማ እንድታውቀው እፈልጋለሁ፤ ለእኔ የነገረኝ አልነበረም።

የጻፍኩት ስላደግሁበት ቤት ነው። «አስተምራታለሁ» ብላ ከገጠር ያመጣችኝ ዘመዳችን ቀኑን ሙሉ ታሠራኝ ነበር፤ ትምህርቱ ለማታ ተረፈ። ደመወዝ አልነበረኝም፤ ሠራተኛም አልተባልኩም። እናቴ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ስለቆጠረች ደብዳቤ እጽፍላት ነበር፤ ነገር ግን ዘመዳችን አጠገቤ ተቀምጣ «ደህና ነኝ፣ እየተማርኩ ነው በያት» ስለምትለኝ ሌላ ነገር ጽፌላት አላውቅም።

እንዲህ ያለውን ኑሮ የሚይዝ መዝገብ የለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን ይጽፋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠርን ቢከለክልም፣ የቤት ሠራተኛን ጉዳይ ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ ትቶታል። በልደታችንና በጋብቻችን መካከል ማድ ቤት ውስጥ ያለፈውን ዕድሜ እኛው ካልጻፍነው ማንም አይጽፈውም።

መጻፉ አልከበደኝም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሌሊቶች ጀሪካኑ እስኪሞላ በደብተር እጽፍ ነበር፤ ሲያልቅ ሰፈራችን ካለ ኮምፒውተር ቤት አስጻፍኩት።

ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የካቲት 29 ለሚከበረው የሴቶች ቀን የሕይወት ተሞክሮ የሚያቀርቡ ሴቶች ይፈለጋሉ ሲባል ጽሑፌን ለአዘጋጆቹ ሰጠሁ። አስተባባሪዋ «በጣም ጥሩ ነው፤ ትንሽ ይስተካከላል» አለችኝ። ሲመለስልኝ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ነበር። ከማድ ቤቱ በር ኋላ ጆንያ ላይ እተኛ እንደነበር የጻፍኩት ተሰርዟል። በረኪና የሰነጣጠቀው እጄ በርበሬ ስደልዝ እንዴት እንደሚያቃጥለኝ የሚናገረው አንቀጽ እንዳለ ወጥቶ፣ በቦታው «ብዙ ውጣ ውረዶችን አልፌ ለስኬት በቃሁ» የሚል ገብቷል። መጨረሻው ላይ ደግሞ እኔ ያልጻፍኩት ምስጋና ተጨምሯል፤ ከሚመሰገኑት መካከል ያሳደገችኝ ዘመዴ አለችበት። ያንን ሳነብ ለእናቴ የጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ታወሱኝ፤ በዚህ ዕድሜዬም አጠገቤ ተቀምጦ «ደህና ነኝ በይ» የሚለኝ ሰው ተገኝቷል።

ምክንያቱን ስጠይቅ «መምህርት፣ የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም፤ ደግሞም ዘመድ የሌለውን ልጅ ማሳደግ መልካም ባህላችን ነው» ተባልኩ። እኔ ዘመድ የሌለኝ ልጅ አልነበርኩም። እናትና አባቴ ለትምህርት ብለው ነው የሰጡኝ፤ የታሪኩ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። ይህን ለማስረዳት ተመላለስኩ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ መስክ ወጥተዋል፣ ነገ ይምጡ ተባልኩ። በመጨረሻ ሳገኛቸው ጽሑፉን ሳይገልጡት «ባለሙያዋ ያለችውን መቀበል ነው» አሉኝ። አላቀርብም ብዬ ወጣሁ። በዕለቱ ግን የተስተካከለውን ቅጂ ሌላ ሴት መድረክ ላይ ስታነበው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ሰማሁ። በደንብ ተጨበጨበ፤ የተጨበጨበው ላልኖርኩት ሕይወት ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ፣ ምዝገባ ሳያስፈልገው፣ ለጸሐፊው ጥበቃ ይሰጣል፤ ጸሐፊው ሥራው እንዳይዛባበት የመቃወም መብትም አለው። ይህን ማንም ቢሮ አልነገረኝም። ጽሑፋችሁን ለማንም ስትሰጡ «ያለ ፈቃዴ አይለወጥም» ብላችሁ ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ ስጡ፤ ቅጂውንም አስቀሩ።

በየሥልጠናው «ታሪካችሁ አስተማሪ ይሁን፣ በስኬት ይቋጭ» እንባላለን። አልስማማም። እኔ መምህርት የሆንኩት ያ ቤት እያሰናከለኝ ነው፣ በእርሱ ምክንያት አይደለም፤ በስኬት የተቋጨ ታሪክ ግን ለዚያ ቤት ምስጋና ያተርፍለታል። የሌሎችን ስምና ሰፈር ቀይሩ፤ በእናንተ ላይ የደረሰውን ግን በሌላ ሴት ስም አታውሩት። የቤተሰብን ይሁንታም ካለቀ በኋላ እንጂ ከመጀመሩ በፊት አትጠይቁ።

እኔ በኋላ ሙሉውን ጽሑፍ ያነበብኩት በብሎካችን የቡና ሰዓት ነው። ከሦስተኛው ስኒ በፊት የጎረቤቶቼ ጨዋታ ስለ ራሳቸው ልጅነት ሆነ። ከገጠር ልጅ ያመጣች አንዷ ምንም ሳትናገር ወጣች፤ መስከረም ሲጠባ ግን ልጅቷን የቀን ትምህርት አስመዘገበቻት። መድረክ ላይ የተነበበው ቅጂ ይህን ማድረግ አይችልም ነበር፤ ጆንያው ከውስጡ ወጥቷልና።

መጻፍ የማይችሉ እናቶች ካሉ ድምፃቸውን በስልክ ቅዱላቸው። ስትገለብጡት አነጋገራቸውን አታርሙ፤ ከጨረሳችሁ በኋላም መልሳችሁ አንብቡላቸውና እነርሱ «አዎ፣ ይኸው ነው» ሳይሉ ለማንም አታካፍሉ።