አበቅቴና መጥቅዕ በነምበር ቲዎሪ ክፍል

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ የሒሳብ መምህር ለመሆን ለሚዘጋጁ የዲግሪ ተማሪዎች ነምበር ቲዎሪ አስተምራለሁ። ከኮርሱ ውስጥ ቶሎ ተሸምድዶ ቶሎ የሚረሳው ሞጁላር አሪትሜቲክ፣ ማለትም የቀሪዎች ሒሳብ፣ ነው። ተማሪዎቹ ምልክቱን ይጽፋሉ፣ ፈተናውን ያልፋሉ። ነገ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ይሄ ምን ይሠራል?» ቢላቸው ግን መልስ የላቸውም። ይህን ክፍል በባሕረ ሐሳብ (ቤተ ክርስቲያን በዓላትንና አጽዋማትን በምታወጣበት ስሌት) በኩል ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ነገሩ ተቀይሯል። ሌላ ቦታ የምታስተምሩ እንድትሞክሩት እንዴት እንደሠራሁት ልጻፍ።

ሰሜን ሸዋ የአብነት ትምህርት ቤት አገር ነው። ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከቡልጋ ከሚመጡት ልጆች መሐል ዲያቆናት አይጠፉም። የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት በቃላቸው ያወጣሉ። ኮንግሩዌንስ (በቀሪ እኩል መሆን) ሲባል ግን ዝም ይላሉ። ስለዚህ ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ከመጻፌ በፊት አንዱን የመንዝ ልጅ አስወጣሁት። «የኔታ እንዳስተማሩህ አድርገህ የ2018ን አውጣልን» አልኩት።

ልጁ ቾኩን ያዘና ቀጠለ። 5500 እና 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ (ዓመቱ በ19 ዓመት ዙር ውስጥ ያለው ቦታ) 12። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ (ሠላሳ ሠላሳው ወጥቶ ቀሪው ሲያዝ) አበቅቴው 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። ከዚያ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18፣ እሑድ። የእሑድ ተውሳክ (ለየዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር) 7 ሲጨመር 25፤ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ክፍሉ ውስጥ ስልክ ያወጣ ሁሉ ካላንደሩን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

አገርኛ ምሳሌ የሚያመጣ መምህር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ማረጋገጫ ያልተጠየቀበት ምሳሌ ጌጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ጠየቅኩ፦ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ይሆናሉ። ለምን?

አንዲት ተማሪ ወንበሮቹን ከ0 እስከ 18 ደርድራ የሁሉንም አስልታ መጣች። ሁሉም 30። «ይሄ ምሳሌ እንጂ ፕሩፍ አይደለም» ብለው ጮኹባት። የተማሩት እንደዚያ ነዋ! እኔ ግን ቆም በሉ አልኳቸው። ለ19 ሲካፈል የሚተርፈው ከ19 ዓይነት ውጭ ሊሆን አይችልም። እሷ ደግሞ አንዱንም አላስቀረችም። ስለዚህ የሠራችው ሙሉ ፕሩፍ ነው። ውሱን ሲሆን ሁሉንም መፈተሽ እንደሚበቃ ያን ቀን የገባቸው ይመስለኛል፤ መጽሐፉ በአንድ መስመር የሚያልፈው ነገር ነው።

ልጅቷ ራሷ ግን አልረካችም። «ልክ መሆኑን አውቄያለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም» አለች። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ተነሳ። ወንበሩ አንዴ በ11፣ አንዴ በ19 ነው የተባዛው። ሁለቱ ሲደመሩ ወንበር በ30 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ ምንም አይቀርም። ስለዚህ የሁለቱ ቀሪዎች ድምር ወይ 0 ወይ 30 ነው። ወንበር አልቦ (0) ሲሆንስ? አበቅቴው 0፣ መጥቅዑ 30 ይባላል። 0 እና 30 እዚህ ቤት አንድ ናቸው። ያን ጊዜ የኮንግሩዌንስን ምልክት ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ማንም «ምን ይሠራል?» አላለም።

11 ከየት መጣ ለሚለውም ጊዜ ሰጠሁ። የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ገደማ ነው፤ ልዩነቱ 11። ክፍሉ ውስጥ ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ በኩል የመጡ ሙስሊም ተማሪዎችም ስላሉ የሒጅራውን አቆጣጠር አስገባሁ። በሒሳብ በሚሠራው የሒጅራ ካላንደር በ30 ዓመት ዙር ውስጥ 11 ዓመታት 355 ቀን አላቸው፤ የቀሩት 354። «ያው 11 ያው 30 ነው!» ብለው ተደሰቱ። አይደለም። በአበቅቴው 30 የወር ቀናት ነው፤ እዚህ ግን የዓመታት ዙር። 11ም እዚያ የቀን ልዩነት፣ እዚህ የረዘሙት ዓመታት ብዛት ነው። ለወደፊት መምህር፣ ቁጥር ስለተገጣጠመ ብቻ ምክንያቱ አንድ ነው አለማለት ትልቅ ትምህርት ነው።

ባሕረ ሐሳብን የማያውቅ ተማሪ ዳር እንዳይቀር፣ የአሠራሩን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ አባዝቼ ቀድሜ እሰጣለሁ። የሚያውቀውን ከማያውቀው ጋር አስቀምጣለሁ፤ የሚጽፈው የማያውቀው ነው። ጊዜ ይበላል። አንዳንድ ቲዎረም ወደ አሳይመንት ሄዷል፤ አልቆጨኝም።

ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ፌሊክስ ክላይን እ.ኤ.አ. በ1908 ያነሳው ችግር ዛሬም እኛው ዘንድ አለ። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሁለተኛ ደረጃውን ሒሳብ ይተዋል፤ መምህር ሆኖ ሲመለስ ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን ይተዋል። መሐል ያለው ድልድይ በራሱ አይሠራም። እኔ የማውቀው መላ፣ ከባዱን ሐሳብ ተማሪው በእጁ ከሚሠራው ነገር አውጥቶ ማሳየት ነው። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ተማሪ ያንኑ ፕሩፍ ለ9ኛ ክፍል ልጅ እንደሚያስረዳ ሆኖ ሰሌዳ ላይ እንዲያቀርብ የማደርገው።

ፋይናል ላይ ይህን እጠይቃለሁ፦ በ11 እና በ19 ፈንታ 12 እና 18 ብንወስድስ? ድምራቸው ያው 30 ነው። ግን 12 ከ30 ጋር የጋራ አካፋይ አለው። ስለዚህ ወንበር 5፣ 10 እና 15 ላይ አበቅቴው 0 ይሆናል፤ እነዚህን ዓመታት ከአልቦ ወንበር መለየት አይቻልም። 11 ግን ከ30 ጋር ከ1 በቀር የሚጋራው አካፋይ ስለሌለ 19ኙም ወንበሮች የየራሳቸው አበቅቴ አላቸው። ይህን በራሱ ቃል ለጻፈ ሙሉ ማርክ እሰጣለሁ፣ ምልክቱን ቢስትም እንኳ።