የልጁ ጆሮ ደርቋል፤ ክብር ለጌታ ይሁን

ለልጁ ጆሮ በጸሎት ስትጮኹ ለነበራችሁ ሁሉ፦ ጌታ መልሷል። መግሉ ቆሟል፤ ከጀርባው በቀስታ ሲጠሩት ዞር ይላል። መልሱ የመጣው ታምቡሩ (በጆሮ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን) ላይ በተሰካች፣ ከሩዝ ፍሬ በምታንስ ቱቦ ነው። «ቱቦ ደግሞ ምንድን ናት?» ያላችሁ እናቶች ስላላችሁ ጉዳዩን እንዘርዝረው።

በሕፃናት ላይ ከጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚወርደው መተላለፊያ አጭርና ጋደም ያለ ነው። ጉንፋን ሲይዛቸው ያብጥና ይዘጋል፤ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ ይመግላል። አንቲባዮቲክ ትኩሳቱን ቢያበርደውም ፈሳሹ ለሳምንታት ሊተኛ ይችላል። «ሲጠሩት አይሰማም፣ እልኸኛ ነው» የሚባል ልጅ አንዳንዴ በእርግጥም አይሰማም።

ቱቦ የሚታሰበው በ6 ወር 3 ጊዜ ወይም በዓመት 4 ጊዜ ከመገለና በምርመራው ዕለት ፈሳሽ ከተገኘ ነው። ፈሳሹ በሁለቱም ጆሮ 3 ወር ቆይቶ መስማት ሲቀንስም እንዲሁ። ታምቡሩ ጀርባ ንጹሕ ከሆነ ግን አትቸኩሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ መጠበቅ ይሻላል።

ልጁ በጭንብል ሰመመን ይተኛል። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ ታምቡሩን በጥቂቱ ይበጣል፣ ፈሳሹን ይመጥጣል (አንዳንዱ እንደ ሙጫ ይጎተታል)፣ ቱቦዋን ይሰካል። ሁለቱም ጆሮ በ15 ደቂቃ ገደማ ያልቃል፤ ልጁ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል።

ከዚያ በኋላም ጆሮው ሊፈስ ይችላል። ጸሎቱ ከሸፈ ብላችሁ አትደንግጡ፤ መግሉ መውጫ አገኘ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ጠብታ እንጂ የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም። ኦፍሎክሳሲን የተባለው የጆሮ ጠብታ (አንቲባዮቲክ) ከታዘዘ፣ ከ1 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 5 ጠብታ በቀን 2 ጊዜ ለ10 ቀን ነው። መጀመሪያ የጆሮው ቀዳዳ ደጅ ላይ የደረቀውን መግል ጥረጉ፤ ካልተጠረገ ጠብታው ወደ ውስጥ አይደርስም። ጠርሙሱን 1 ወይም 2 ደቂቃ በእጃችሁ አሙቁት፤ ቀዝቃዛው ያዞረዋል። በጎኑ አስተኝታችሁ ካንጠባጠባችሁ በኋላ ከቀዳዳው ፊት ያለችውን ጉብታ 4 ጊዜ ጫን ጫን አድርጉ፤ ለ5 ደቂቃ አይነሣ። ከቤት የተገኘ የጄንታማይሲን ጠብታ አትጨምሩ፤ በቱቦዋ አልፎ የውስጥ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል።

አንድ ነገር ለጸሎት አገልጋዮችም እንበል። ዘይት ቀብቶ መጸለይ በያዕቆብ 5፥14 ተጽፏል፤ ግንባሩን ቀቡት። ጆሮው ውስጥ ግን ዘይትም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ የጤና አዳም ጭማቂም አይግባ፤ አሁን በሩ ክፍት ነው። ገላው ሲታጠብ ጆሮውን ሳሙና ካለው ውኃ ጠብቁ፤ ሳሙና ውኃው በጠባቧ ቀዳዳ እንዲያልፍ ያግዘዋል።

ቱቦዋ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ራሷ ትወድቃለች፤ ትራስ ላይ ልትገኝ ትችላለች። እስከዚያው በየ4 እስከ 6 ወሩ በሐኪም ትታያለች። ጥቂት ልጆች ዳግመኛ ቱቦ ያስፈልጋቸዋል፤ በጥቂቶችም ቀዳዳው ሳይገጥም ይቀርና በኋላ በቀዶ ሕክምና ይደፈናል። እንግዲህ ጸልዩልን ስንላችሁ፣ ቱቦዋ ስትወድቅ ታምቡሩ እንዲገጥም ጸልዩ።