የፈተናው ናሙና ከደጅ አይውጣ

በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ላቦራቶሪው በትክክል መሥራቱን የሚፈትኑ ናሙናዎች፣ ለአብዛኛው ምርመራ አምስት አምስት ብልቃጥ፣ የያዘ ሳጥን ይመጣል። መልሱን የሚያውቀው ላኪው ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ላቦራቶሪዎችን በሚቆጣጠረው በክሊያ ሕግ ሥር ያለ፣ ከቀላሎቹ ምርመራዎች ያለፈ ሥራ የሚሠራ ላቦራቶሪ ይህን ፈተና ይወስዳል፤ በሥራው ቋንቋ ፒቲ ይባላል። ከአምስቱ አራቱን ማግኘት፣ ማለትም 80 በመቶ፣ በአብዛኛው ያሳልፋል። የኤቢኦና የአርኤች ደም ዓይነት ግን 100 በመቶ ነው የሚጠየቀው። ሳጥኑን ረስቶ መልስ ያልላከ ዜሮ ይሰጠዋል።

መውደቅ ይጠገናል። ምክንያቱ ይፈለጋል፣ ይታረማል፣ ይመዘገባል። የላቦራቶሪ በር የሚያዘጋው ብልቃጡን ለሌላ ላቦራቶሪ መላክ ነው፤ የሚልከው ሰው ደግሞ የግድ አጭበርባሪ አይደለም፣ የለመደውን አሠራር የተከተለ ሠራተኛም ሊሆን ይችላል።

ግራ የሚያጋባው ደንቡ ራሱ ነው። የፈተናውን ናሙና እንደ ታካሚ ናሙና ሥሩት ይላል፦ በመደበኛው ሠራተኛ፣ በመደበኛው ማሽን፣ የታካሚው አንድ ጊዜ የሚሠራ ከሆነ ይኸኛውም አንድ ጊዜ ብቻ። ወዲያው ደግሞ፣ የታካሚው ናሙና ለማረጋገጫ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ የሚሄድ ቢሆን እንኳ ይኸኛው አይሂድ ይላል። ሁለቱ ሲጋጩ ሁለተኛው ያሸንፋል። የኤችአይቪ ማጣሪያው ሪአክቲቭ (ቫይረሱ ሊኖር እንደሚችል የሚጠቁም) ሆኖ ማረጋገጫው እናንተ ጋ የማይሠራ ከሆነ፣ ያገኛችሁትን ሪፖርት አድርጋችሁ እዚያው ታቆማላችሁ።

ወጥመዱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ናሙናው እንደ ታካሚ ሲመዘገብ፣ ሲስተሙ ፖዘቲቭ ባየ ቁጥር የማረጋገጫ ትእዛዝ በራሱ ያወጣል፤ የማታው ተረኛ ሌብሉን አይቶ ከሚላኩት ጋር ያሽገዋል። ለፒቲ የተለየ የምዝገባ ዓይነት ፈጥሮ የማረጋገጫ ትእዛዙን መዝጋት ይሻላል። ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግድግዳ የሚያነብ የለም።

ቅጣቱ ደረጃ አለው። ድሮ የላከ ሁሉ ሰርተፍኬቱን ማጣቱ የማይቀር ነበር፤ በ2012 የወጣው ሕግና በ2014 የተከተለው ደንብ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አለዘቡት። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በተጻፈ አሠራር መሠረት ለማረጋገጫ ብቻ የተላከ ከሆነ ቀለል ተደርጎ ይታያል፤ ይህም ቢሆን ጥፋት ነው። የሌላውን ውጤት የራሱ አድርጎ ሪፖርት ያደረገ ወይም ጥፋቱን የደገመ ግን ሰርተፍኬቱ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይሰረዛል፤ ባለቤቱና ሥራውን የሚመራው ሰውም ለዚያው ያህል ጊዜ ላቦራቶሪ እንዳይዙ ይታገዳሉ። የሌላ ሰው ፒቲ በስህተት የደረሰውም ዝም ማለት አይችልም፤ ለተቆጣጣሪው ለሲኤምኤስ ማሳወቅ አለበት።

ሁለት ቦታ ለሚሠሩ ወገኖች ይህ በተለይ ይመለከታቸዋል። ሁለቱም ላቦራቶሪዎች ከአንድ አቅራቢ አንድ ዓይነት ብልቃጥ ሊያገኙ ይችላሉ። መመለሻው ቀን ሳያልፍ «ሦስተኛው ፖታሲየም ስንት ወጣላችሁ?» ብሎ መጠየቅ የተከለከለ ነው፣ በሻይ ሰዓትም ቢሆን። የአንድ ሆስፒታል ሁለት ቅርንጫፎችም የክሊያ ቁጥራቸው ከተለያየ ሁለት ላቦራቶሪ ናቸው። አገር ቤት የቲቢ ስላይድ ሌላ ላቦራቶሪ ልኮ በድጋሚ ማስነበብ የታወቀ የጥራት ቁጥጥር ስለሆነ፣ ከዚያ የመጣ ባለሙያ በቅን ልቦና ሊሳሳት ይችላል።

ሳጥኑ ሲደርስ የብልቃጡ ቁጥር፣ ቅዝቃዜውና የተሰበረ መኖሩ በዚያው ቀን ይታያል፤ ጉድለት ካለ ወዲያው ለአቅራቢው ይደወላል። ደረቅ ዱቄት ከሆነ የሚጨመረው ውሃ በትክክለኛ ፒፔት ይለካ፤ እዚህ ላይ የተዛነፈ ልኬት በዚያ ብልቃጥ ያለውን ውጤት ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ናሙናውን የሠራው ሰውና የላቦራቶሪው ዳይሬክተር፣ ናሙናው እንደ ታካሚ ናሙና መሠራቱን በሚመሰክረው ቅጽ ላይ ይፈርማሉ። የማሽኑ ወረቀት፣ ቅጹና የተላከው መልስ ሁለት ዓመት ይቀመጣሉ።

ከጥር 2025 ጀምሮ የስህተት ወሰኑ ጠቧል። ሄሞግሎቢን ከ7 ወደ 4 በመቶ፣ ፖታሲየም ከ0.5 ወደ 0.3 ሚሊሞል በሊትር ወርዷል። ትክክለኛው ሄሞግሎቢን 10 ቢሆን፣ ድሮ ከ9.3 እስከ 10.7 ያልፍ ነበር፤ አሁን ከ9.6 እስከ 10.4 ነው። ለዓመታት 5 በመቶ ከፍ አድርጎ የሚያነብ ማሽን ምንም ሳይበላሽ አሁን ሊወድቅ ይችላል።

ስለዚህ ያለፈውንም ውጤት እዩት። አምስቱም ከትክክለኛው በአንድ ወገን ካጋደሉ ካሊብሬሽኑን (የማሽኑን ልኬት ማስተካከያ) ጠርጥሩ። አንዱ ብቻ ሩቅ ከሄደ መጀመሪያ የጽሑፍ ስህተት ፈልጉ፦ የተቀያየረ ብልቃጥ፣ የተሳሳተ የመለኪያ አሃድ፣ ቦታውን የሳተ የአስርዮሽ ነጥብ፣ የሌላ ማሽን ኮድ። ይህን በድጋሚ ሠርቶ ለማየት የተረፈው ናሙና ያስፈልጋል፤ የአቅራቢው መመሪያ ከፈቀደ ውጤቱ እስኪመጣ ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ።