ቲቸርን ለቅሶ ቤት አገኘኋቸው

ዛሬ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ የአራተኛ ክፍል አስተማሪያችንን ድንኳን ውስጥ አገኘኋቸው። ጡረታ ከወጡ ቆዩ፣ አሁን የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። ልክ እንደ ድሮው ደብተር ይዘው ስም እየጠሩ ቀሪ ይመዘግባሉ (አሁንም ያስፈራሉ!)።

አጠገቤ የነበሩ እናት ጠጋ ብለው "እኔንም እኮ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው" አሉኝ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲጀመር ቲቸር ገና ጎረምሳ ነበሩ፣ ቀን ልጆቹን ማታ ደግሞ እናቶቹን በፋኖስ ያስተምሩ ነበር አሉ። "ከዚያ በፊት በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው" ብለው ጣታቸውን አሳዩኝ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች እንደተሰጠ አውቃለሁ፣ ይቺን ጣት ግን አላውቅም ነበር።

ስወጣ ልሰናበታቸው ጎንበስ ስል "አንተ፣ ያ ጽሕፈትህ ተስተካከለ?" አይሉኝም!

"አሁን በስልክ ነው የምጽፈው ቲቸር" አልኳቸው።