ተኝተው የሠሩት 16 ሰዓት

ዓርብ ማታ ከቢሮ ስወጣ የሠራተኞችን መግቢያና መውጫ ከአሻራ ማሽን እየወሰደ የሥራ ሰዓት የሚያሰላው የሰዓት መቆጣጠሪያ ሲስተም ደህና ነበር። ሰኞ ጠዋት ስገባ አፕዴት ተደርጎ ጠበቀኝ። ደመወዝ የሚዘጋው ደግሞ ረቡዕ ነው። ሶፍትዌሩን የሸጡልን ሰዎች የላኩት መልእክት ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ «ጥቃቅን ማሻሻያዎች» ይላል። አምኜ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

የመጀመሪያው ችግር ራሱ ጮኸ። ሪፖርቱን አውርጄ ወደ ኤክሴል ስከተው አንዱ ሠራተኛ በአንድ ቀን 180 ሰዓት ሠርቶ ቁጭ አለ። ሳቄ መጣ። ኤክሴል ሰዓትን የሚይዘው የቀን ክፍልፋይ አድርጎ ነው፤ 7:30 ለእሱ 0.3125 ነው። ስለዚህ የእኛ ቀመር በ24 ያባዛል። አዲሱ ሪፖርት ግን 7:30 ማለቱን ትቶ 7.5 ብሎ መጻፍ ጀምሯል። 7.5 በ24 ሲባዛ 180። ማባዣውን አነሳሁት፣ አለቀ። እንዲህ ያለውን ስህተት እወደዋለሁ፤ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል።

ሁለተኛውን ያመጡልኝ የሌሊት ጥበቃው ናቸው። ስልካቸውን ይዘው መጡና «ልጄ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ» አሉኝ። ያለፈው ረቡዕ ላይ መግቢያ 06:00፣ መውጫ 22:00፣ ድምር 16 ሰዓት ይላል። ግማሹ ትርፍ ሰዓት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ሰዓት ሠርተዋል?»

«ኧረ እኔ በዚያ ሰዓት ቤቴ ነበርኩ፤ ተኝቼ!»

እውነታቸውን ነው። ፈረቃቸው ከ22:00 እስከ 06:00 ነው። የድሮው ሲስተም የንጋቱን መውጫ ከማታው መግቢያ ጋር ያጣምረው ነበር። አዲሱ ቀኑን እኩለ ሌሊት ላይ ይቆርጠውና የቀኑን የመጀመሪያ አሻራ መግቢያ፣ የመጨረሻውን መውጫ ያደርገዋል። የእሳቸው የመጀመሪያ አሻራ ደግሞ ወደ ቤት ሲሄዱ የሚያደርጉት ነው። በዚህ ሒሳብ የሠሩበትን ሰዓት ጥሎ የተኙበትን ቆጠረላቸው። ፈረቃ የጀመሩበት ቀን አንድ አሻራ ብቻ ስላለው «ቀሪ» ብሏቸዋል። ያልተዘጋውን ወር በሙሉ ነው እንደ አዲስ ያሰላው። ሌሎቹ የሌሊት ሠራተኞች ግን ድምፃቸውን አላሰሙም። 16 ሰዓት ተቆጥሮለት የሚከራከር ስንት አለ?

ወደ ድሮው ለመመለስ አሰብኩ። የዓርብ ባክአፕ አለን። የድሮው ስሪት መጫኛ ግን የለንም፤ አዲሱ ደግሞ ያንን ባክአፕ ሲከፍተው መልሶ በራሱ ደንብ ያሰላዋል። ያዳነኝ የአሻራ ማሽኑ ነው። ማሽኑ ሒሳብ አያውቅም። መለያ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ይይዛል፣ በቃ። የወሩን አሻራ በጽሑፍ ፋይል አወጣሁና የሌሊቶቹን ሰዎች መስመር በመስመር በእጄ አጣመርኩ። ከሰኞ ከሰዓት እስከ ማክሰኞ ከሰዓት ፈጀብኝ።

አቅራቢዎቹ ጋ ስደውል «ሲስተሙ በትክክል እየሠራ ነው» አሉኝ። ወይ ትክክል! ሁለት ጊዜ ከደወልኩ በኋላ ቀኑ የሚቆረጥበትን ሰዓት መቀየሪያ የት እንዳለ አሳዩኝ። ለሌሊት ፈረቃ እኩለ ቀን ላይ እንዲቆርጥ አደረግነው።

ማክሰኞ ማታ ግን ዕረፍት አጣሁ። የጮኸውን አግኝቻለሁ፣ ሰው ያመጣልኝን አግኝቻለሁ። ያልጮኸውስ? ያለፈውን ወር አሻራ፣ ተከፍሎበት ማንም ያልተከራከረበትን፣ በሙከራ ኮፒ ላይ ጭኜ በአዲሱ ስሪት አስላሁት። ውጤቱን ከተከፈለው ጋር አቀናነስኩ። ሁሉም ዜሮ መምጣት ነበረበት። አልመጣም። ብዙ የቀን ሠራተኛ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ጎድሎታል።

ማጠጋጊያው ነው። ድሮ በቅርብ ወዳለው 15 ደቂቃ ያጠጋጋ ስለነበር 08:05 የገባ 08:00 ይባል ነበር። አፕዴቱ ቅንብሩን ወደ መነሻው መልሶት ኖሮ መግቢያን ሁልጊዜ ወደ ፊት ይገፋል፤ 08:05 የገባ 08:15 ሆነ። ከድሮው ጋር ሲነጻጸር በቀን 15 ደቂቃ። ሁልጊዜ 08:05 ለሚገባ ሰው በ22 የሥራ ቀን 330 ደቂቃ፣ ማለትም 5 ሰዓት ከ30 ማለት ነው። ለዚህ አንድም ሰው ቢሮዬ አልመጣም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አልቆጥረውም ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ቅሬታ ካልመጣ ሰላም ነው እል ነበር፤ አሁን አልልም።

አፕዴት አታድርጉ ማለቴ አይደለም። የደህንነት ቀዳዳ የሚደፈነውም በእሱ ነው። ነገር ግን በራሱ እንዳይጫን ዘግቼዋለሁ፤ ደመወዝ በሚዘጋበት ሳምንት አይነካም። ከመጫኑ በፊት የቅንብር ገጾቹን በሙሉ ስክሪንሹት አነሳለሁ (አሰልቺ ነው፣ ተለማመድኩት)፤ የድሮውን መጫኛም አስቀምጣለሁ። የተከፈለበትን ወር በሙከራው ኮፒ ላይ ሳላሰላና ዜሮ ሳላይ ግን ማንም ቢለምነኝ አልጭንም። በቀጣዩ አፕዴት እንደዚሁ ሳደርግ አራት መስመር ላይ ልዩነት መጣ። ሦስቱ የሌሊት ሠራተኞች ናቸው።

ጋሼ እስከ ዛሬ በር ላይ ባገኙኝ ቁጥር አይለቁኝም። «ልጄ፣ ትናንትስ ተኝቼ ስንት ሰዓት ሠራሁ?»