በበረዶ አገር የሞቀ ሞተር

ጅማ ያሉ ጓደኞቼ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ላኩልኝ። «እዚያ መኪና ሲበላሽ ይጣላል አይደል እንዴ? ምን አደከመህ ታዲያ?» ሌላው ደግሞ ቀበል አድርጎ «ኮምፒውተር ሰክተው በአምስት ደቂቃ ነው አሉ የሚያውቁት» አለ። ነገሩን ያስነሳው ቱታ ለብሼ፣ እጄ ግራሶ በግራሶ ሆኖ የተነሳሁት ፎቶ ነው። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሚኒያፖሊስ የሚኖር ሰው ኮፋኖ ሥር ጎንበስ ብሎ ማየት አልተዋጠላቸውም። እንግዲያው እንደ ሆነው ልጻፈው።

እዚህ አገር መኪና ማለት እግር ነው። እኔ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ስወጣ አውቶቡስ ቶሎ አይገኝም። እንደ ጅማ እጅ አንስቶ ባጃጅ ማስቆምና «ፈረንጅ አራዳ» ብሎ ገብቶ መቀመጥ የለም። መኪናው ከቆመ ሥራ ይቀራል። ሥራ ከቀረ የቤት ኪራዩም፣ ለእናቴ የምልከውም አብሮ ይቀራል። «ይጣላል» የሚለው ሰው ይህን ሒሳብ አልሠራውም። የሚጥለው ሌላ መግዣ ያለው ነው።

ጥር ላይ ነው። ከሚኒያፖሊስ ወደ ሴንት ፖል በአይ-94 አውራ ጎዳና እየሄድኩ ነበር። ውጭው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነው። የመኪናው ማሞቂያ ድንገት ቀዝቃዛ አየር መንፋት ጀመረ። የሙቀት መለኪያውን ሳይ መርፌው ከመሃል ተነስቶ ወደ ቀዩ እየወጣ ነው። እግሬ በብርድ እየደነዘዘ ሞተሩ ሊፈላ! ወዲያው ዳር ያዝኩና አጠፋሁት።

የጅማን መንገድ የሚያውቅ ሰው ለምን ወዲያው እንዳጠፋሁ አይጠይቀኝም። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሃል ላይ ጊቤ በረሃ አለ። ሸለቆውን ወርዶ ዳገቱን ሲጀምር ስንቱ ኤንትሬ፣ ስንቱ አይሱዙ የጭነት መኪና ኮፋኖውን ከፍቶ ዳር ቆሞ አይተናል። ረዳቱ ጄሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ይሄዳል። ሹፌሩ ጥላ ይፈልጋል። የራዲያተሩን ክዳን ግን ማንም አይነካም። የፈላ ውሃ ፊት ላይ ሲፈነዳ ምን እንደሚያደርግ ልጅ ሆነን ነው የተማርነው። መርፌው ቀይ ነክቶ «ትንሽ ልንዳው» ያለ ሰው ደግሞ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው ተጣሞ ወይ ሞተሩ ነክሶ አልዞር ብሎ ቶርኖ ቤት እንደሚከርም እናውቃለን።

ሲቀዘቅዝ ከፈትኩት። ውሃው ጎድሏል። ሞላሁ። በማግስቱ እንደገና ጎደለ። ግራ ያጋባኝ ግን የሚፈስበት ቦታ አለመኖሩ ነው። የእኔ መኪና ኩላንት (ከውሃው ጋር የሚቀላቀለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ቀለሙ ሮዝ ነው። መኪናዋ የምታድረው በረዶ ላይ ነው። አንዲት ጠብታ ብትወርድ ነጩ በረዶ ላይ ፍንትው ብላ ትታይ ነበር። ምንም የለም። ንጹሕ በረዶ። ታዲያ ውሃው የት ገባ?

ጋራዥ ወሰድኳት። ስሙን አልጠራም፤ ትልቅና ንጹሕ ቤት ነው። መጠበቂያ ክፍል አለው፤ ቡና አለ፤ ቴሌቪዥን አለ። በመስታወቱ ማዶ መኪናህ ሊፍት ላይ ስትወጣ ታያለህ። ኮምፒውተሩን ሰኩ። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ከልክ በላይ ሞቋል አለ። ይህንን እኔ በር ላይ ነግሬያቸው ነው የገባሁት። ቆይቶ ተቀባዩ ጠራኝና «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፤ 2,800 ዶላር» አለኝ። በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ ማለት ነው። መኪናዋን የገዛሁት በ4,500 ነው። ማስረጃው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። «ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል» አለ። በጥር ወር! በመስኮት አሳየሁት። ግቢው ውስጥ ያለው መኪና በሙሉ ነጭ ጭስ እየለቀቀ ነው። በዚያ ብርድ የሰው ትንፋሽ እንኳ ነጭ ነው።

«የውሃ መስመሩ ላይ ግፊት ሞልታችሁ ሞክራችሁታል?» አልኩት። አልመለሰልኝም። በሩ ክፍት ነበር፤ መኪናዬ ካለችበት እኔ እስካለሁበት አሥር እርምጃ አይሆንም። «ና ላሳይህ» ብዬ ወደ ውስጥ ራመድ ስል ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጌታዬ! ከቢጫው መስመር ወደኋላ ይመለሱ!» አለ። መሬቱ ላይ ቢጫ መስመር ተቀብቷል። የሚጠባበቀው ሰው ሁሉ ከስልኩ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። አንዲት እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

ይህቺ ናት እስከ ዛሬ ከውስጤ ያልወጣችው። ገንዘቡ አይደለም የቆጨኝ። ደንቡ ለደህንነት መሆኑ ይገባኛል፤ ሊፍት ሥር ሰው ቢጎዳ ተጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው። ነገር ግን እኔ ጅማ ሂርማታ፣ ጋራዥ አጠገብ ያደግኩ ልጅ ነኝ። እዚያ መኪናህ ሲከፈት አንተ ከመካኒኩ ጎን ትቆማለህ። ባትሪ ታበራለታለህ። የተፈታውን ብሎን በእጅህ ትይዝለታለህ። እሱም ያገኘውን እቃ አውጥቶ «ይኸውልህ፣ እየው» ይልሃል። እርግጥ የእኛም ቤት የራሱ ጣጣ አለው። ኮፋኖ ከተከፈተ አላፊ አግዳሚው ሁሉ መካኒክ ነው። ሊስትሮው «የውሃ ፓምፓ ነው» ይላል፤ ጫት ነጋዴው «ኧረ ራዲያተሩ ነው» ይላል። ሆኖም የገዛ ንብረትህን እንዳታይ ማንም አያባርርህም። እነሱ ዘንድ ለምርመራ ብቻ 160 ዶላር ከፍዬ፣ የተመረመረውን ሳላይ ወጣሁ።

ማታ ለጋሼ ደወልኩ። ጋሼ ጅማ ውስጥ ዕድሜያቸውን በሙሉ በጋራዥ ያሳለፉ፣ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስለማይወዱ አልጽፈውም። እኔ ጋ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ እሳቸው ጋ ነግቶ 1 ሰዓት ሆኗል። ሰላምታችን እንዳለቀ ጥያቄ ጀመሩ።

«ማሞቂያው ምን ይነፍሳል?»
«ቀዝቃዛ፣ ጋሼ።»
«ውሃው ጎድሎ አየር ገብቶበታላ። የሞቀው ውሃ እሱ ጋ አልደረሰም። ዘይቱን አውጥተህ አየኸው?»
«አይቼዋለሁ፤ ንጹሕ ነው።»
«ወተት የገባበት ቡና አልመሰለም?»
«ኧረ በጭራሽ።»
«ጭሱስ? ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል?»
«አይሸትም።»
«ምንጣፉን በእጅህ ዳብስ፤ በተሳፋሪው እግር በኩል። ማሞቂያው ካፈሰሰ እዚያ ነው የሚወርደው። እርጥብ ነው?»
«ደረቅ ነው።»
«ነገ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ክፈትና አስነሳው። አረፋ እየደጋገመ ከወጣ ንገረኝ።»

ጠዋት አስነሳሁት። አረፋ የለም።

«ጓርኒሲዮን አይደለም ልጄ» አሉ። «ቢሆን ኖሮ ውሃው ከዘይቱ ይቀላቀል፣ ወይ በጭሱ ይወጣ፣ ወይ አረፋ ያስነሳ ነበር።» «ይሄ ውሃ ሲቀዘቅዝ አይወጣም። ሲሞቅና ሲጨነቅ ነው የሚወጣው። የሚወጣው ደግሞ የጋለ ብረት ላይ ነው፤ መሬት ሳይደርስ ይተናል። ስልክህን በቺንጋው፣ በቀበቶው በኩል ወደ ውሃ ፓምፓው አስጠጋ።»

ቪዲዮውን ከፍቼ በባትሪ እያበራሁ አስጠጋሁ። ጅማ ሆነው መነጽራቸውን አድርገው እያዩ ነው፤ ከኋላቸው ዶሮ ይጮኻል። «ወደ ታች... ትንሽ ወደ ግራ... ቁም! መልስ፣ መልስ! እሱ ምንድን ነው?» የውሃ ፓምፑ ሆድ ሥር፣ ሮዝ የሆነ የደረቀ ቅርፊት ተጋግሯል። በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ። ኩላንቱ ተንኖ የተረፈው ዝቃጭ ነው። ከላዩ የእስክሪብቶ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። ጋሼ እንደነገሩኝ ቀዳዳዋ ሆን ተብላ የተሠራች ናት። ፓምፑ ውስጥ ውሃውን የሚያግደው ማሸጊያ ሲደክም፣ ውሃው ፓምፑ የሚዞርበት ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ እንዳያበላሸው በዚያች በኩል ይወጣል። የወጣውን ቺንጋው ይረጨዋል፣ የሞተሩ ሙቀት ያተንነዋል። በረዶው ንጹሕ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው።

ማረጋገጥ ነበረብኝ። እዚህ አገር የሚመሰገን ነገር አለ፤ የመለዋወጫ ሱቆች መሣሪያ በመያዣ ያበድራሉ። የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ወሰድኩ። ራዲያተሩ አፍ ላይ ገጥሜ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ቁጥር ድረስ ሞላሁ። የመለኪያው መርፌ ቀስ እያለ ወረደ። ከቀዳዳዋም አንዲት ሮዝ ጠብታ ብቅ አለች፤ ቆየችና ተንጠባጠበች። 2,800 ዶላር የተባልኩላት ይህቺ ናት። አዲሱ ፓምፕ ከ100 ዶላር በታች ነው። ማሞቂያ ያለው ጋራዥ ቤቱ ባለው ሐበሻ ወንድሜ ዘንድ ሆነን ቀየርነው፤ ቀን አልፈጀም። ፎቶው የዚያን ቀን ነው።

ጋሼን ባመሰግንም የጅማን መካኒክ በሙሉ አላወድስም። ሞተር ሞቀ ሲባል ቴርሞስታቱን አውጥቶ የሚጥል ሞልቷል። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ ይይዘዋል፤ ብዙውን ጊዜ ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ላይ ይከፈታል። ሲጣል ሞተሩ በልኩ ሳይሞቅ ይሠራል፤ ነዳጅ ይበላል፤ ቶሎ ያረጃል። ሚኒሶታ ላይ ያንን ብታደርግ ማሞቂያህ ክረምቱን በሙሉ አይሞቅም። የቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላትም እንዲሁ ነው። እዚህ በአንድ ሌሊት በረዶ ሆኖ ሞተሩን ይሰነጥቀዋል፤ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት ግን ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ገደማ ይችላል። «ጅማ በረዶ የለ፣ ኩላንት ምን ይሠራልናል?» ለምትሉ፦ ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ክፍት ድስት ላይ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ኩላንት ከጥሩ ክዳን ጋር ከ120 ዲግሪ በላይ ይቋቋማል፤ ዝገትም ይከላከላል። የላላ ክዳን ራሱ መኪና ያፈላል። ደግሞ ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ስታፈሱት ሕፃንና ውሻ እንዳይቀምሰው አደራ።

አሁን ዲቪ የደረሳችሁና ፕሮሰስ ላይ ያላችሁ ስሙኝ። እዚህ ስትደርሱ የመጀመሪያ መኪናችሁ አሮጌ ይሆናል። ስትገዙ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሂዱ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ጠይቁ። ውሃውንና ዘይቱን እዩ። ማሞቂያውን በበጋም ቢሆን አብርታችሁ ሞክሩ። መንገድ ላይ ከሞቀባችሁና ወዲያው መቆም ካልቻላችሁ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈቱት፤ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል፤ ከዚያ በመጀመሪያ ባገኛችሁት ቦታ ቁሙ። ጋራዥ ገብታችሁ «ጓርኒሲዮን ነው» ከተባላችሁ በምን እንዳወቁ በጽሑፍ ይስጧችሁ። ግፊት ተሞክሯል ወይ? የተቃጠለ ጋዝ ውሃው ውስጥ መኖሩ በመመርመሪያው ሰማያዊ ፈሳሽ ታይቷል ወይ? ፈሳሹ ወደ ቢጫ ከተቀየረ እመኑ። የወጣው አሮጌ እቃ እንዲሰጣችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከመስመሩ ወዲህ ቆሞም ቢሆን ይህን መጠየቅ ይቻላል፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ሳትፈሩ።

ለአክስቴ ልጅ ደግሞ ለብቻው፦ ቪዛህ እስኪመጣ ድረስ ቡና ቤት ተቀምጠህ ስለ አሜሪካ ቪዲዮ ከምታይ ወደ ጋሼ ሂድ። አነጋግሬያቸዋለሁ። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቱታህን ይዘህ እንድትመጣ ብለዋል፤ ቁርስህን በልተህ ና፣ ፓምፓ የሚፈታ አይሱዙ አለ።