ቀላሏ ባትሪ ያስቀረችኝ ጠዋት

የመኪናዬን ነባር የእርሳስ (ሊድ) ባትሪ ታቅፌ የቤት ሚዛን ላይ ወጣሁ። ከዚያ አስቀመጥኩትና ለብቻዬ ወጣሁ። ልዩነቱ 17 ኪሎ ተኩል። በየኩርባው ይዤው የምዞረው እርሳስ ይሄን ያህል ነው ለካ አልኩ።

መኪናዬ ባለ 2 ሊትር ሞተር፣ ማንዋል፣ ሁለት በር ናት። በአዘቦት ቀን ብዙም አልነዳትም። የመኪና መሮጫ ትራክ በሚከፈትበት ቀን ግን ከንጋት ጀምሮ እዚያ ነኝ። ክብደት ለመቀነስ ያላወጣሁት ነገር የለም፤ የኋላ ወንበር፣ ትርፍ ጎማ፣ ምንጣፉ ሳይቀር። ባትሪው የተረፈው ስላላሰብኩት ብቻ ነው። የተቀመጠበት ቦታ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ከፊት ጎማዎቹም አልፎ አፍንጫዋ ላይ። ከመኪናዋ መሀል የራቀ ክብደት ኩርባ ላይ ለመታጠፍም ለመመለስም ያዘገያል።

ቀለል የሚለውን ሊቲየም ባትሪ ልገዛ ነው ስል ወንድሜ "አንተ፣ የስልክ ባትሪ ኮፈን ስር ልትከት ነው?" አለኝ። ፍርሃቱ ከመሬት አልተነሳም። ግን ለመኪና ማስነሻ የሚሸጠው በአብዛኛው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው፤ የሳይንቲስቱ ጆን ጉድኢናፍ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1997 በጥናት ያቀረበው ዓይነት። ኦክስጅኑ ከፎስፈረሱ ጋር ጠብቆ ስለተያያዘ ሲሞቅ በቀላሉ አይለቀቅም። ስለዚህ ኮባልት ካላቸው ባትሪዎች ይልቅ እሳትን የመቋቋም ጠባይ አለው። አንዱ ሴል 3.2 ቮልት ነው፤ አራት በተከታታይ ሲገናኙ 12.8 ይሆናል። ለእርሳስ ባትሪ ከተሠራ መኪና ጋር የሚግባባውም ለዚህ ነው።

ገዛሁ። ስህተቴም እዚህ ይጀምራል።

ሳጥኑ ላይ በትልቁ "36 አምፔር-ሰዓት" ይላል፤ ባትሪው የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን ማለት ነው። የኔ ነባር ባትሪ 60 ነበር፤ ከግማሽ በላይ ነው፣ ይበቃኛል አልኩ። ክብደቱ 2 ኪሎ ከ300 ግራም! በአንድ እጄ አንስቼ ለወንድሜ አሳየሁት። ከቁጥሩ ስር በጥቃቅን ፊደል "ከእርሳስ ባትሪ ጋር ሲነጻጸር" የምትል ሐረግ ነበረች። አላነበብኳትም፤ ያነበብኩ ቢሆን እንኳን አትገባኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊቲየም ከመጠኑ አንጻር ብዙ ኃይል በአንዴ መስጠት ይችላል። ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳውን) ለማዞር ትንሿም ትበቃለች። ስለዚህ አንዳንድ አምራቾች እውነተኛውን አቅም በሦስት ያህል አብዝተው ይጽፉታል። ለማስነሳት ብቻ ካየነው ያስኬዳል። መኪናው ቆሞ ሲያድር ግን አምፔር-ሰዓት ያው አምፔር-ሰዓት ነው። እውነቱን ለማወቅ ባትሪው ጎን ላይ የተጻፈውን ዋት-ሰዓት (የሚይዘውን ጠቅላላ ኃይል) ለ12.8 ቮልት ማካፈል ይበቃል። የኔ 154 ነበር። ሲካፈል 12። የሠላሳ ስድስት ሲሶ መሆኑ ነው።

ለሁለት ሳምንት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሞተሪኖው እንደዚያ ሲፈጥን ሰምቼ አላውቅም። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ስሰካ ሁልጊዜ 13 ቮልት ምናምን ነው፣ ሙሉ ነው እላለሁ። ይሄ ሌላው ሞኝነቴ። የእርሳስ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.7 አካባቢ ነው፤ ግማሽ ሲሆን ወደ 12.2 ይወርዳል። እየቀነሰ መሆኑን ይነግርሃል። ፎስፌቱ ግን ከሙሉ እስከ ሩብ ድረስ ያው 13 አካባቢ ሆኖ ይቆይና ከዚያ ገደል ይገባል።

ገደሉ የመጣው የትራክ ቀን ንጋት ላይ ነው። መኪናዋ ስምንት ቀን ቆማለች። ቁልፍ ሳዞር ምንም የለም። ጠቅ እንኳን አላለችም። ቴስተሩ ዜሮ አነበበ። ባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ሴሎቹ እንዳይሞቱ ኤሌክትሪኩን ቆርጧል ማለት ነው። ቻርጀሬን ሰካሁ፤ "ባትሪ የለም" አለኝ። ቮልት ካላየ አይሠራማ። ያ ቻርጀር ደግሞ አሮጌ የእርሳስ ባትሪን "ለማደስ" ከ15 ቮልት በላይ የሚልክበት ስልት አለው። እሱን ልጫን እጄን ዘርግቼ ነበር። እንኳን ተውኩት፤ የዚህ ባትሪ ጣሪያ 14.6 ነው።

በመጨረሻ ከጎረቤቴ መኪና በኬብል ቀሰቀስኳት። ተነሳች። ወዲያው ወደ ትራኩ በረርኩ። ይሄም ልክ አልነበረም። ባዶ ሊቲየም ባትሪ የውስጥ ተቃውሞው ትንሽ ስለሆነ የዲናሞውን አምፔር ያለ ገደብ ይጠጣል። ስደርስ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ የዲናሞው ሙቀት ገና ከሩቅ ፊቴን ገረፈኝ። የዛን ቀን ሁለት ዙር ብቻ ነድቼ ተመለስኩ።

ከዚያ ነው መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግኩት። መኪናዋ ተቆልፋ ተኝታ ስንት ትጠጣለች? የኔጋቲቭ ኬብሉን ፈትቼ ቴስተሩን በመሀል አስገባሁ። በርና ኮፈን ሲከፈት ኮምፒውተሮቹ ይነቃሉና የተዘጉ እንዲመስሉ መቆለፊያቸውን በጠፍጣፋ ብሎን መፍቻ ጫን አደረግኩ። እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። 70 ሚሊአምፔር። በቀን 1.7 አምፔር-ሰዓት ገደማ። 12ን ለ1.7 አካፍለው፤ ሰባት ቀን። የኔ ስምንት ቀን ቆማለች። ሒሳቡ እንደዚህ ጥርት ብሎ ሲወጣ ሳቄ መጣ።

ፊውዝ አንድ በአንድ ስነቅል ከ70ው 40ውን የሚጠጣው በኋላ የተገጠመ አላርም ሆኖ ተገኘ። ለዓመታት ተደብቆ ኖሯል፤ ባለ 60ዋ ባትሪ ገመናውን ሸፍናለት። አወጣሁት። 30 ቀረ፤ በቀን 0.7 ገደማ።

አሁን ምርጫው ከቁጥር ተነሳ። ሁለት ሳምንት ቆማ እንኳን ግማሽ አቅም እንዲተርፍላት ፈለግኩ። 24 እውነተኛ አምፔር-ሰዓት ያላት ገዛሁ፤ ክብደቷ 4 ኪሎ ተኩል። ከድሮው ላይ አሁንም 13 ኪሎ ወረደ። ከመጀመሪያዋ ጋር ያላት ልዩነት ሁለት ኪሎ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ለዚያች ሁለት ኪሎ ብዬ ነው ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣሁት።

ከመግጠሜ በፊት የዲናሞውን ቮልት ለካሁ፤ በዝግታም በፍጥነትም ከ14.4 አላለፈም። ቮልቱን እንደፈለገ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ አዲስ መኪና ያለው ሰው ይህን ሳይለካ ባይገዛ ይሻለዋል። አዲሷ ከድሮዋ ስለምታንስ ከአሉሚኒየም ማሰሪያ ሠራሁላት። በሞተሩ በኩል የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ አቆምኩ። ለሊቲየም የሚሆን ቻርጀርም ገዛሁ።

ብርድን በተመለከተ፣ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ2009 ለጂቲ3 የስፖርት መኪናው ሊቲየም ባትሪ በአማራጭነት ሲያስተዋውቅ ለብርድ ጊዜ የሚሆን የተለመደ ባትሪም አብሮ እንደሚሰጥ ገልጾ ነበር። መጀመሪያ ሳነበው ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዜሮ ዲግሪ በታች ግን ይህ ባትሪ ቻርጅ መደረግ አይወድም፤ ሊቲየሙ በውስጡ እንደ ሽፋን ተለጥፎ ይቀርና አቅሙን ይበላዋል። በብርድ ጠዋት ሞተሪኖውም ያቃስታል። የፊት መብራት ለአንድ ደቂቃ አብርቶ ባትሪውን ማሞቅ፣ ከዚያ መሞከር ነው። ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ይሻላል። በጣም ሲበርድ ግን እኔም የድሮውን 17 ኪሎ ተኩል መልሼ እገጥመዋለሁ።

ትራክ ላይ የዙር ሰዓቴ ተሻሻለ ወይ ለሚል፣ በአንድ ባትሪ የመጣ ነው የምለው ለውጥ አላየሁም። አፍንጫዋ ቀለል ያለች ይመስለኛል፤ ግማሹ ምኞት ሊሆን ይችላል።

ትንሿን ባትሪ ጓደኛዬ ሞተር ሳይክሉ ላይ ገጠማት። እዚያ የሚጠጣባት ነገር የለም። እስካሁን አንድም ጠዋት አላስቀረችውም።